የተላከበት ቀን ይቆጠር

ርእሰ አንቀጽ

ደብዳቤ ሁለት ቀን አለው፤ አንዱ የተላከበት፣ ሌላው የደረሰበት። በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እነዚህ ሁለት ቀኖች ጎረቤታሞች ናቸው። በግንደወይን ለሚኖር ሰው ግን በሁለቱ መካከል ደብረ ወርቅ አለ፤ ቢቸና አለ፤ ደጀን አለ፤ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከዚያም ማዶ ጎሐ ጽዮን አለ። መንገዱ የተዘጋ እንደሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ መጠበቅ አለ። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት «ማመልከቻ የምንቀበለው እስከዚህ ቀን ድረስ ነው» ብሎ ሲያስታውቅ ለሁሉም እኩል ቀን የሰጠ ይመስለዋል እንጂ እኩል አልሰጠም።

በዚህ እትማችን የምንናገረው ስለዚህ ነገር ነው። መነሻ የምናደርገውም ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነው የማናውቀውን አንድ መሣሪያ ነው። ይኸውም የገባበትን ደብዳቤ ራሱ ማኅተም የሚመታ የደብዳቤ ሣጥን ነው። ስለ ሣጥኑ የምንጽፈው ለመደነቅ አይደለም፤ ሣጥኑ የመለሰው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ስለሆነ ነው።

አስቀድመን ስለ ማኅተሙ እንናገር። በደብዳቤ ላይ የሚያርፍ የፖስታ ቤት ማኅተም ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቴምብሩን መሻር ነው። እንግሊዞች በ1840 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሚለጠፍ ቴምብር ባወጡ ጊዜ፣ አንዱ ቴምብር ተላጦ ሁለተኛ እንዳይሠራበት በቀለም ይመቱት ነበር። ሁለተኛው ሥራ ስለ ቦታና ስለ ቀን መመስከር ነው፤ «ይህ ደብዳቤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ከተማ በእጄ ነበረ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ፖስታ ቤቱን ይጠቅማል፤ ገንዘቡን ይጠብቅለታል። ሁለተኛው ግን ላኪውን ይጠቅማል፤ ቀኑን ይጠብቅለታል። ቴምብሩ ከተሻረ የፖስታ ቤቱ ጉዳይ አለቀ። ቀኑ ካልተነበበ ግን የላኪው ጉዳይ ገና አልተጀመረም።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ። አሠራሩ በጥቅሉ ለመረዳት አያስቸግርም። ሣጥኑ የብረት ነው፤ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም በፖስታ ቤቱ እጅ ነው። ከፊት ለፊቱ ደብዳቤ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በውስጡ የከተማው ስም የተቀረጸበትና የቀን፣ የወር፣ የዓመት ቁጥር የያዙ ትንንሽ ጎማዎች ያሉበት የሚዞር ብረት አለ። ቁጥሮቹ በየዕለቱ ይለወጣሉ። ላኪው ደብዳቤውን ሲያስገባና እጀታውን ሲያዞር ብረቱ ቀለም ካለበት ጥቅል ጋር ተነካክቶ በደብዳቤው ላይ ያርፋል። ደብዳቤውም ማኅተሙን እንደያዘ ወደ ሣጥኑ ሆድ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ላኪው ራሱ እንኳ ሊያወጣው አይችልም። እጀታው በእጅ የሚዞር ከሆነ የኤሌክትሪክ መብራት ኖረ አልኖረ ለእንዲህ ያለው ሣጥን ግድ የለውም።

ሐሳቡም የቆየ ነው። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ ማለት በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ዲ ብራዛ የተባለ ኢጣልያዊ የፈለሰፈው ሣንቲም ተቀብሎ በደብዳቤ ላይ ምልክት የሚመታ መሣሪያ በኒውዮርክ ከተማ ተሞክሮ ነበር። በ1904 የኒውዚላንድ መንግሥት ኧርነስት ሞስ የሚባለው ዜጋው የሠራው የፖስታ ዋጋ መምቻ መሣሪያ እንዲሠራበት ፈቀደ። በ1920 አርተር ፒትኒና ዋልተር ቦውስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ኩባንያ መሠረቱ፤ መሣሪያቸውንም የአገራቸው ፖስታ ቤት ተቀበለላቸው። ይኸው ኩባንያ በ1939 «ሜይሎማት» የተባለውን ሣጥን በኒውዮርክ ለሕዝብ አቆመ። ሰው ሣንቲሙን ይጨምራል፤ የሚፈልገውን ዋጋ በመዘውር ይመርጣል፤ ደብዳቤውን ያስገባል፤ ሣጥኑም ዋጋውን፣ ቦታውንና ቀኑን ባንድ ጊዜ መትቶ ይቀበለዋል። ቴምብር መግዛትና መለጠፍ ቀረ። ደብዳቤውም ፖስታ ቤት ሲደርስ አስቀድሞ የተመታ ስለሆነ ለማኅተም ተራ አይጠብቅም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን የሚስበን ፍጥነቱ አይደለም። የሚስበን ማኅተሙ ያረፈበት ቦታ ነው። በሣጥኑ ዘንድ ደብዳቤው የሚመታው ሰውየው በቆመበት ሰፈር፣ ሰውየው በቆመበት ሰዓት ነው። ከረጢት ውስጥ እስኪከማች አይጠብቅም። ትልቅ ከተማ እስኪደርስ አይጠብቅም። የሚያጣድፈው ዘመድ የለውም፤ የሚያዘገይበት ባለጋራም የለውም። የሀብታም ደብዳቤና የድኻ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ቀን ይመታባቸዋል።

እነዚያ ሣጥኖች ዛሬ ከአሜሪካ ጎዳናዎች ጠፍተዋል። ደብዳቤ ከየሰፈሩ እየተሰበሰበ ወደ ትልልቅ ማዕከሎች ይጋዛል፤ ማኅተሙም በአብዛኛው እዚያ በፈጣን ማሽን ይመታል። ማኅተሙ ከሰፈር ሲርቅ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ በማሽን የተመታው ቀን ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን የተረከበበት ቀን ላይሆን እንደሚችል ለሕዝቡ አስታውቋል። ቀኑ በቦታው እንዲመታለት የሚፈልግ ሰው ወደ መስኮት ቀርቦ በእጅ እንዲመታለት ይጠይቃል። እንግዲህ ይህ የድኻ አገር ጣጣ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ማኅተም ከላኪው በራቀ ቁጥር ምስክርነቱ ይደክማል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ «የፖስታ ሣጥን» ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ደብዳቤ የሚቀበልበትን፣ ቁጥር ያለውን ሣጥን ነው። ደብዳቤ የሚላክበትን ሣጥን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህ የቃል ልማድ ብቻ አይመስለንም። መሥሪያ ቤቶቻችንም የሚያስቡት ከተቀባዩ ሣጥን ተነሥተው ነው። ቀን የሚቆጥሩት ደብዳቤው እነርሱ ጋ ሲደርስ፣ መዝገብ ቤቱ «ገቢ» ብሎ ሲመታበት ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤው የነበረው ዕድሜ አይታወቅለትም። ከግንደወይን ይምጣ ከጎረቤት ሕንፃ ይምጣ፣ የተወለደው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።

ማኅተምና ቴምብር በራሳቸው ኃይል የላቸውም፤ ኃይላቸው የተቀባዩ እምነት ነው። ይህን የአገራችን ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ባዘዙ ጊዜ ቴምብሮቹ በፓሪስ ታተሙ። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ አንበሳውን ይዘው ነበር። ሥራቸው ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አልነበረችምና፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ቴምብር ብቻ መሻገር አይችልም ነበር፤ ከባሕር በር ወዲያ ላለው መንገድ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ይህ የቀረው አገራችን በ1901 ዓ.ም. (በ1908 እ.ኤ.አ.) የኅብረቱ አባል ስትሆን ነው። ዋጋ የሰጠው የወረቀቱ ማማር አይደለም፤ ሌሎቹ ለመቀበል መስማማታቸው ነው። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ማኅተም በውጭ አገር እንዲታመን ጠየቅን፤ አገኘንም። ዛሬ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ የግንደወይን ማኅተም በአዲስ አበባ ይታመን እንላለን።

ይህን የምንለው በደፈናው አይደለም። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን አንዱ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ግንደወይን ወደ ቤተሰቡ ተመልሶ ሳለ፣ ስሙን የማንጠቅሰው መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ አወጣ። ጊዜው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ 10 የሥራ ቀናት ነበር። ወሬው ለጓደኛችን የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። የትምህርት ማስረጃውን አባዝቶ፣ ማመልከቻውን ጽፎ በአምስተኛው ቀን ላከ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት የደረሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሆነ። «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ ተመለሰ። ጓደኛችን «የላክሁበትን ቀን እዩልኝ» ቢል ኤንቨሎፑን አገላብጠው አሳዩት፤ በቴምብሩ ላይ ያለው ጥቁር ክብ ብቻ ነው። የከተማው ስም አይነበብም፤ ቀኑም አይነበብም። ቴምብሩ በሚገባ ተሽሯል፤ ሰውየው ግን አብሮ ተሽሯል።

በዚህ ጉዳይ ማን ጥፋተኛ ነው? መዝገብ ቤቱ በታዘዘው ሠራ። ማኅተሙን የመታው ሰው ቴምብሩን ሻረ። ደብዳቤውን የጫነው መኪና መንገዱ በፈቀደለት ሄደ። ጓደኛችንም በእጁ ያለውን ሁሉ ባምስት ቀን ውስጥ ፈጸመ። ሁሉም የድርሻውን ሠርቶ ዕዳው የወደቀው ግን ባንዱ ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁሉ ራቅ ብሎ የሚኖረው ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገራችን ሰው። የእኛም ደብዳቤ ማደሪያ አጥቶ ይዞራል፤ የዞረበትን ጊዜ የሚከፍለው ግን ላኪው ነው።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ደብዳቤን ትቶ ራሱ ይመጣል። «በአካል ቀርባችሁ ተመዝገቡ» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ይህን ግዴታ አድርጎታል። አንድ የግንደወይን ገበሬ ልጁ አንድ ወረቀት እንዲያስገባ ሲል ጤፍ ይሸጣል፤ ልጁ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ማደሪያ ይከራያል፤ ወረቀቱን ሰጥቶ ይመለሳል። ለፈተና ሲጠራም እንደገና ይመጣል። ያች ወረቀት በኤንቨሎፕ ብትመጣ ኖሮ የቴምብር ዋጋ ብቻ ይበቃት ነበር። ገንዘቡ የሌለው ደግሞ ጨርሶ አይወዳደርም፤ በውድድሩ መሸነፉንም የሚያውቅለት የለም፤ ስሙ በየትኛውም መዝገብ አልገባምና።

የምንጠይቀው ነገር ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1692፣ ተራርቀው ባሉ ሰዎች መካከል የሚደረግ ውል የመቀበሉ ቃል በተላከበት ቦታና ቀን እንደተደረገ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። የደረሰበት ቀን አላለም፤ የተላከበት ቀን አለ። እንግሊዞችም ይህን ሐሳብ በ1818 እ.ኤ.አ. በአንድ ነገር ፈርደውበታል። የበግ ጠጉር ነጋዴዎች ለሌሎች ነጋዴዎች «እንሽጥላችሁ» ብለው ጻፉ፤ አድራሻውን ግን አሳሳቱት። ደብዳቤው ዞሮ ዘግይቶ ደረሰ። ገዢዎቹ በዚያው ቀን «ተቀብለናል» ብለው መለሱ፤ መልሱ ከመድረሱ በፊት ግን ሻጮቹ ጠጉሩን ለሌላ ሸጡት። ፍርድ ቤቱ ውሉ የታሰረው መልሱ በፖስታ በተላከ ጊዜ ነው ብሎ ለገዢዎቹ ፈረደ። አሜሪካኖችም በግብር ሕጋቸው፣ ማኅተሙ በጊዜው የተመታበት የግብር ማስታወቂያ ቢዘገይም በጊዜው እንደገባ እንዲቆጠር አድርገዋል።

ማመልከቻ ውል አለመሆኑን እናውቃለን፤ አንቀጽ 1692 በቀጥታ አይገዛውም። ነገር ግን የሕጉ አስተሳሰብ ለማመልከቻም ይሆናል። ሰው ሊጠየቅ የሚገባው በእጁ ባለው ነገር ነው። ደብዳቤውን በጊዜው መስጠት በእጁ ነው፤ የዓባይን በረሃ ማሳጠር ግን በእጁ አይደለም። ለበግ ጠጉር ነጋዴ የተደረገው ፍትሕ ለትምህርት ፈላጊ ወይም ለሥራ ፈላጊ ወጣት የሚነፈግበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሚቀርብብንን መቃወሚያ እንገምታለን። አንደኛ፣ «የሚዘገይ ደብዳቤ እስከ መቼ እንጠብቅ?» ይባላል። ለዘለዓለም ጠብቁ አላልንም። ማመልከቻው የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ይታወቅ፤ ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ ላለ ደብዳቤ የተወሰኑ ቀኖች ይጨመሩ። እነዚያ ቀኖች ካለፉ መዝገቡ ይዘጋ። ሁለተኛ፣ «ማኅተም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመታ ይችላል» ይባላል። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ሣጥኑን የፈለሰፉትም ይህን ሳያስቡ አልቀሩም። የቀኑ ጎማ በቁልፍ የተዘጋው ስለዚህ ነው። በእኛም ዘንድ ደረሰኝ በሚሰጥበት በአደራ ደብዳቤ የተላከ ነገር ማኅተም ብቻ ሳይሆን ተራ ቁጥርም አለው፤ ማጣራት ለፈለገ መንገዱ ክፍት ነው። ሦስተኛ፣ «እንግዲያው ሣጥኑ ይምጣላችሁ?» የሚል ይኖራል። የሣጥኑ ጎማ በየማለዳው የሚለውጠው ሰው፣ ሲሰበር የሚጠግነው ሰው፣ ቀለም የሚጨምርለት ሰው ይፈልጋል። ከኒውዮርክ የጠፋውን ሣጥን ግንደወይን ገበያ ላይ እናቁም ብለን አንቀልድም። ሣጥኑ ያደርግ የነበረውን አንድ ጥንቁቅ ሰው በእጁ ሊያደርገው ይችላል፤ በተረከበበት ቀን፣ በተረከበበት ቦታ፣ በሚነበብ ማኅተም፣ ላኪው እያየ ይምታ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትኩስ ቀለምና ትንሽ ኃላፊነት ነው።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን ይህ ነው፤ «ዛሬ ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ሆኗል፤ ደብዳቤ የአያቶቻችን ነው»። በእርግጥ ደብዳቤ ቀንሷል። ነገሩ ግን አልተለወጠም፤ ልብሱን ብቻ ለወጠ። በኢንተርኔት የሚቀርብ ማመልከቻም የሚቆጠረው ተቀባዩ ማሽን ዘንድ በደረሰበት ደቂቃ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ ቅጹን ሞልቶ በስልኩ ይዞ የተቀመጠው ወጣት ልክ እንደ ደብዳቤ ላኪው ነበር፤ በእጁ ያለውን ፈጸመ፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። እንዲያውም የባሰ ነው። ወረቀት ላኪው ቢያንስ ማኅተም ይኖረዋል። የስልኩ ባለቤት ግን ላኪ ለመሆን እንኳ አልታደለም፤ «ሞክሬ ነበር» ለማለት ማስረጃ የለውም። ስለሆነም ኢንተርኔት በመጣ ጊዜ የማኅተም ነገር አላረጀም፤ ይልቁንም ባሰበት። ኔትወርክ ሲጠፋ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀን የሚመታ አንድ ታማኝ መስኮት በየወረዳው ቢኖር ምን ያህሉ ወጣት በዳነ!

ስለዚህ ኅብረታችን የሚከተለውን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ፖስታ ቤቶች በእጃቸው የሚሰጣቸውን ደብዳቤ በዚያው ቀንና በዚያው ቦታ፣ ስሙና ቀኑ በሚነበብ ማኅተም ይምቱ። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ማኅተም ሌላ ከተማ ሄዶ የሚያገኝ ከሆነ የተጓዘበት ቀን ሁሉ ከላኪው ዕድሜ ተሰረቀ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቶች፣ ከሁሉ አስቀድሞ የራሳችን ዩኒቨርሲቲ፣ በማስታወቂያቸው ላይ «በፖስታ የተላከ ማመልከቻ የሚቆጠረው ማኅተሙ በተመታበት ቀን ነው» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ይህ መስመር በጀት አይጠይቅም፤ አዲስ ሠራተኛም አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ቤቶች ኤንቨሎፑን ቀደው አይጣሉ፤ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። ምስክሩን ጥሎ ፍርድ መስጠት አይገባምና።

አራተኛ፣ ማመልከቻ በኢንተርኔት ብቻ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ኔትወርክ መቋረጡ በታወቀበት አካባቢ ላሉ አመልካቾች የተቋረጠውን ጊዜ ያህል ይጨምሩ፤ ወይም በወረቀት ይቀበሉ።

ለእኛም ለተማሪዎች የቀረ ሥራ አለ። ለሞጣ፣ ለቢቸና፣ ለግንደወይን ታናናሾቻችንና ወላጆቻችን በክረምት ወደ አገር ስንገባ ይህን እናስረዳቸው፤ ቁም ነገር ያለበትን ወረቀት በአደራ ደብዳቤ እንዲልኩ፣ ደረሰኙን እንዳይጥሉ፣ ከመስኮቱ ከመለየታቸው በፊት የተመታውን ማኅተም እንዲያዩ። ማኅተሙ ካልተነበበ «ጌታዬ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም። የከፈሉበት ነገር ነው።

የተጻፈውን የሚቃወም፣ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የተለየ አሠራር አለ የሚል ኃላፊ ቢኖር መልሱን ይላክልን፤ ሳንቆርጥ ሳንቀጥል እናወጣዋለን። የሚቀጥለው እትም ጽሑፍ መቀበያ የወሩ መጨረሻ ነው። ለእርሳቸውም የምንቆጥርላቸው የላኩበትን ቀን እንጂ የደረሰንን ቀን አይደለም።